ሳናውቅ የምንጠረጥረው እስከ መቼ?



የዛሬው ጽሑፌ የሚነሳው ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከቆመች አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ሥር ነው። ነገሩ ተራ ነገር ነው፤ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በገዛ እጅ ስለመቀየር ነው። ይሁንና በዚህ ተራ ነገር ሳቢያ የአንድ ሰው ሐቅ በአንገቴ ላይ ወድቆ ስለነበር፣ ሌላውም ወገኔ እኔ በገባሁበት ጉድጓድ እንዳይገባ በማሰብ ብዕሬን አነሳሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሥራውን የማላውቀውን ባለሙያ እንዴት ልመነው? እንዴትስ ልጠርጥረው?

መተዳደሪያዬ ንግድ ነው። ከመርካቶ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ቀለም እየጫንኩ ለደንበኞቼ የማደርስባት ቶዮታ ሃይሉክስ አለችኝ። የልጆቼ ዳቦ የሚመጣው በእሷ ነው። ዘይቷን ለዓመታት ያስቀየርኩት ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን።

አንድ ቀን ጠዋት ዘይትና ፊልትሮ እንዲቀይሩልኝ ነግሬ መኪናዋን ትቼላቸው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሂሳቡን ከፍዬ ወሰድኳት። በማግስቱ አንድ ወዳጄ፣ “እነዚህ ሰዎች እኮ አዲሱን ዘይት ለራሳቸው ያስቀሩና አሮጌውን ይተዉልሃል፤ እስቲ መለኪያውን መዘህ እየው” አለኝ። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዘው ዘይቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄጄ በሠራተኞቻቸውና ቆመው በነበሩ ሰዎች ፊት፣ “ጋሼ፣ በዚህ ሽበትዎ አያፍሩም?” አልኳቸው። ሰውዬው አልተቆጡም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ “ልጄ፣ ይኼ እኮ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ዘይቱን ወዲያው ነው የሚያጠቁረው” አሉኝ። እኔ ግን፣ “ሌባ መቼም መልስ አያጣም” ብዬ ጥያቸው ወጣሁ።

በዚህም አላበቃሁም። መርካቶ ለሚነግዱ ሦስት ወዳጆቼ፣ “እዚያ ጋራዥ እንዳትሄዱ፤ ዘይት ይሰርቃሉ” አልኳቸው። ሦስቱም የጋሼ ደንበኞች ነበሩ። ሦስቱም ቀሩ።

ከዚያ በኋላ፣ “ከእንግዲህ ማንንም አላምንም፤ በራሴ እጅ እሠራዋለሁ” ብዬ ወሰንኩ። ወንድሞቼ ሆይ፣ የዚህን ውሳኔ መነሻ ልብ በሉልኝ። ሥራን በእጅ መሥራት የተወደደ ነገር ነው። ከምግብ ሁሉ የሚበልጠው ሰው በእጁ ሥራ ያገኘው እንደሆነ፣ ነቢዩላህ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር በሐዲስ ተነግሮናል። እኔ ግን መሣሪያ ያነሳሁት ይህን ፍለጋ አልነበረም። ያነሳሁት በቂም ነው።

አንድ እሑድ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የእኅቴ ባል መሣሪያውን ይዞ ግቢያችን መጣ። በጅቡቲ መስመር ለብዙ ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። በዚያ በረሃ መኪና ሲቆም ወደ ጋራዥ መሮጥ ስለማይቻል የሞተር ነገር ከእጁ አይጠፋም። ወደ ስድስት ሊትር የሚጠጋ ዘይት፣ አንድ ፊልትሮና ለማፍሰሻው ብሎን የሚሆን የመዳብ ቀለበት ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ነበር። ዘይቱ እንደታሸገ ነው የመጣው። ማሸጊያውን የበጠስኩት እኔው ነኝ።

ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነስተን አሞቅነው፤ የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ አጥፍተን፣ የእጅ ፍሬኑን ስበን፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን። ፒክአፕ ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች ክሪክ ሳያስፈልገን ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ከሥሯ ገባሁ። ሳፋ ደቅኜ ብሎኑን ስፈታው ጥቁሩ ዘይት ጣቶቼን እየለበለበ ወረደ። አሮጌውን ፊልትሮ ፈታን። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት ቀባሁትና በእጄ ብቻ አጠበቅሁት፤ በመፍቻ ከጠበቀ ጎማው ይጎዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜም አልፈታ ይላል። ብሎኑን በአዲሱ ቀለበት መልሼ ዘጋሁ። የሞላሁት ዘይት እንደ ማር የጠራ ነበር። ሞተሩን ስናስነሳ የዘይቷ መብራት ጠፋች። የሚያንጠባጥብ ነገር አለመኖሩን አየን። ጥቂት ደቂቃ አሠርተን አጠፋንና ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጠበቅን። ከዚያ መለኪያውን መዘዝኩ።

ጠቁሯል። መርካቶ ደርሼ ስመለስ ደግሞ ጭራሽ ከሰል ሆኗል።

እኔው ገዝቼ፣ እኔው ከፍቼ፣ እኔው የቀዳሁት ዘይት ነው። ያንን ዘንግ ይዤ በቆምኩበት የጋሼ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። የእኅቴ ባል ግን ነገሩን ስላላወቀ ሳቀና፣ “ምን ጠብቀህ ነበር?” አለኝ።

ያስረዳኝን ባጭሩ ላስቀምጠው። የናፍጣ ሞተር ናፍጣውን የሚያነደው በከፍተኛ ግፊት በታመቀና በጋለ አየር ውስጥ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ በ1897 ለፍሬ ያበቃው አሠራር ይኸው ነው። ናፍጣው ሲነድ እጅግ ደቃቅ ጥላሸት ይፈጠራል። ከዚህም ጥቂቱ በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል እየሾለከ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ከዚህ ሌላ፣ አሮጌው ዘይት የቱንም ያህል ቢፈስ በሞተሩ ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ የሚቀር አለ፤ ጥቂቱ ብዙውን ያጠቁራል። ለናፍጣ ሞተር የሚሠራ ዘይት ደግሞ ጥላሸቱን ከሞተሩ አካል አጥቦ በውስጡ አንሳፎ እንዲይዝ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ተጨምሮበታል። እንግዲህ ዘይቱ መጥቆሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። እኔ የስርቆት ማስረጃ አድርጌ የወሰድኩት ነገር የዘይቱ የራሱ ጠባይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እናስብ። የዘይቱ መጥቆር ጋሼ እንዳልቀየሩ አያስረዳም። እውነቱን ለመናገር፣ እንደቀየሩም አያስረዳም። የቀየረም ያልቀየረም ሰው ዘይት በማግስቱ ጥቁር ነው። ታዲያ በዚህ ጊዜ ፍርዱ ምን መሆን አለበት? የፊቅህ ሊቃውንት ያስቀመጡት የታወቀ መርህ አለ፤ ማስረጃ እስካልመጣበት ድረስ ሰው በመሠረቱ ከተጠያቂነት ነፃ ነው። እኔ ግን ይህን መርህ ገልብጬ፣ ነፃ መሆናቸውን እስኪያስረዱኝ ድረስ ሌባ ናቸው አልኩ። ማስረዳት ሲጀምሩም አልሰማኋቸውም። ለምን? ስለ ናፍጣ ሞተር ምንም አላውቅም ነበርና ነው። አለማወቄን ግን እንደ ብልህነት ቆጠርኩት።

ብዙዎቻችን በዚህ ነገር የምንመልሰው ከሁለት አንዱን ነው። አንደኛው ወገን፣ “ሰውን መጠርጠር ወንጀል ነው፤ ዝም ብለህ እመን” ይላል። በእርግጥም በሱረቱል ሑጁራት አብዛኛውን ጥርጣሬ እንድንርቅ ታዘናል። ነገር ግን እዚያው ሱራ ውስጥ የመጣን ወሬ እንድናጣራም ታዘናል። ዓይን ጨፍኖ ማመን ሁሉን ነገር ባለሙያው ላይ መጣል ነው። ደካማ የሆነውንም ሰው፣ “ማንም አያየኝም” በሚል ፈተና ላይ እንጥለዋለን። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ “ዘመኑ ከፍቷል፤ ሁሉም ሌባ ነው፤ ሁሉን ራስህ ሥራ” ይላል። የእኔ ውሳኔ ይህ ነበር። ግን የቱን ሁሉ ራሴ ልሥራው? ዘይቱን ብቀይር ዳቦውን ማን ይጋግርልኛል? መድኃኒቱን ማን ይቀምምልኛል? ልጄን ማን ያስተምርልኛል? ሰው ሆኖ አማና ሳይሰጡና ሳይቀበሉ መኖር አይቻልም።

ከሁለቱ የተለየውን መንገድ የምናገኘው በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተግባር ነው። በገበያ ሲያልፉ አንድ ሰው የእህል ክምር ይሸጣል። እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ ሲከቱ ከሥር እርጥበት አገኙ። ሰውየውን ጠየቁት። ዝናብ እንዳገኘው መለሰ። ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አወገዙ። ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን የምናውቀው አታላይን ለማውገዝ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን እንመልከት። በመጀመሪያ እጅ ገባ። ቀጥሎ ጥያቄ ተጠየቀ። ቀጥሎ መልስ ተሰማ። ውግዘቱ የመጣው በመጨረሻ ነው። እኔ ከመጨረሻው ጀመርኩ፤ እጄን ያስገባሁት ሰውን ካዋረድኩ በኋላ ነው።

የቀደሙት ዑለማዎችም ይህን ጉዳይ በቸልታ አላለፉትም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ) የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ስለ ሒስባ፣ ማለትም ስለ ገበያ ቁጥጥር፣ በጻፉት ኪታብ ውስጥ እያንዳንዱን ሙያ በየምዕራፉ ይዘውታል። ተቆጣጣሪው ሙሕተሲብ ሙያውን ሁሉ ሊያውቅ ስለማይችል ከየሙያው ሰዎች መካከል ታማኝና አዋቂ የሆነ ዐሪፍ እንዲሾም ይመክራሉ። ጥበቡን ተመልከቱ! በዳቦ ጋጋሪ ላይ የሚመሰክር ዳቦ መጋገር የሚያውቅ ነው። ሥልጣን ያለው ሙሕተሲብ እንኳ ሳያውቅ እንዲፈርድ አልተፈቀደለትም። እኔ በምን ሥልጣኔ ነው በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ በታየች ጥቁር ጠብታ የፈረድኩት?

ለባለሙያ የተሰጠ ዕቃ ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው በሚለውም ላይ ዑለማዎች ብዙ ተወያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ዕቃው በባለሙያው እጅ አማና በመሆኑ ካላጠፋ በቀር አይጠየቅም ሲሉ፣ ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ ማስቀረት በማይቻል አደጋ ካልሆነ በቀር ይጠየቃል ብለዋል። ዐሊይም (ረ.ዐ) የሰዎችን ጥቅም ለመጠበቅ ሲሉ የእጅ ባለሙያዎችን ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። እነዚህ ሊቃውንት የሚለያዩት ሸክሙ በማን ላይ ይሁን በሚለው ነው። ባለሙያን ሳያጣሩ ማዋረድ ይፈቀዳል ያለ ግን ከመካከላቸው የለም።

አንዳንዱ አንባቢ፣ “ሥራዬን አሳዩኝ ብል ባለሙያው ይቀየመኛል” ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በዚችው በልደታችን ታሪክ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያውም ወደ ቦሌ ከመዛወሩ በፊት እዚሁ ልደታ ነበር። በአውሮፕላን ጥገና ሥራ መካኒኩ የሠራውን ጽፎ ይፈርማል፤ ወሳኝ የሆነውን ሥራ ደግሞ ሌላ ተቆጣጣሪ አይቶ በበኩሉ ይፈርማል። በዚህ የሚቀየም መካኒክ የለም። ለምን ቢባል፣ የሚመረመረው ሥራው ስለሆነ ነው። ምርመራው በሁሉም ላይ እኩል ይፈጸማል፤ የሚታወቀውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። ጥርጣሬ ግን ዓይኑ ሰውየው ላይ ነው፤ አንዱን ነጥሎ ያያል፤ ነገሩ ካለፈ በኋላም ይመጣል። በማጣራትና በመጠርጠር መካከል ያለው ድንበር ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ደንበኛው ማለት ያለበት በመጀመሪያ ነው። “ጋሼ፣ ዘይቱ እኔ ባለሁበት ይከፈት፤ አሮጌውን ፊልትሮ አስቀምጡልኝና ልየው” ማለት ነውር የለውም። ታማኝ ባለሙያ በዚህ ይደሰታል፤ ታማኝነቱን የሚያይለት ሰው አገኘ ማለት ነውና። ይህን ለማለት ግን ዘይት ከየት እንደሚፈስ፣ ፊልትሮ የት እንደሚታሰር፣ መጥቆር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንድን ነገር አሠራር ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጅ ሠርቶ ማወቅ ለሌሎች ፍትሕ ለማድረግ የሚያስችል መንገድ ነው እላለሁ።

ሌላም የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ያን ዕለት ድፍረት የሰጠኝ አለማወቄ ብቻ አልነበረም። የሰውየው ልብስ ዘይት የነካው መሆኑም ነበር። የባንክ ሠራተኛ ሂሳቤን ቢያሳስት በዚያ ቃል እናገረው ነበርን? በአገራችን በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ለንጉሡ የደረሰችውም በዚያው ዓመታት ነበር። መኪናዋን ወደድናት፤ ከሥሯ የሚተኛውን ሰው ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይን አላየነውም። ከሥሯ የተኛሁ ዕለት ግን እኔም እሱን መሰልኩ። ከሱቅ የሚመለስ አንድ ጎረቤቴ ሳያውቀኝ፣ “አንተ ልጅ፣ ግቢውን በዘይት እንዳታበላሸው!” ብሎኝ አለፈ። የአነጋገሩን ቃና ከዚያ በፊት ሰምቼው አውቃለሁ፤ የራሴ ነበር።

የሰው ሐቅ በተውባ ብቻ የሚፋቅ አይደለም፤ ባለሐቁ ይቅር ማለት አለበት። በዚህ ደግሞ ባለሐቁ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ልዩነት የለውም። ሰኞ ጠዋት ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ስደርስ ጋሼ ከአንዲት ታክሲ ሥር ነበሩ። እስኪወጡ ጠብቄ፣ በሠራተኞቻቸው ፊት ነበርና ያዋረድኳቸው፣ በሠራተኞቻቸው ፊት እንደተሳሳትኩ ተናገርኩ። ዘይቱን ራሴ ቀይሬ እንዳየሁትም ነገርኳቸው። ሰውዬው ትንሽ ዝም አሉና፣ “እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበልህ። የነገርካቸውን ሰዎችስ ምን ልታደርጋቸው ነው?” አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ መርካቶ ሄድኩ። ሦስቱንም በየሱቃቸው እየዞርኩ፣ “የነገርኳችሁ ሐሰት ነው፤ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት” አልኳቸው። ሁለቱ ተቀበሉኝ፤ ወደ ጋሼም ተመለሱ። ሦስተኛው ግን፣ “አንተ የዋህ ነህ፤ ለስላሳ ቃል ተናግረው አታለሉህ” አለኝ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ለመመለስ ግን ሌላ ሰው መፍቀድ ነበረበት፤ እሱም አልፈቀደም። ይህ እስካሁን ያልከፈልኩት ዕዳ ነው።

ዘይት መቀየሩን ግን አልተውኩም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ራሴ እቀይራለሁ። በመኪናዋ የፀሐይ መከላከያ ውስጥ በማኖራት ትንሽ ደብተር ላይም ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተቀየረውን ነገር እጽፋለሁ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተቴን ልናገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ናረ። በዚያው ሰሞን ዘይት ልቀይር ስል የፊልትሮው ዋጋ ከበደኝ። “አንድ ጊዜ ቢያልፈው ምን ይሆናል?” ብዬ ዘይቱን ብቻ ቀየርኩ። ደብተሬን አውጥቼም እጄ እንደለመደው “ዘይትና ፊልትሮ” ብዬ ጻፍኩ።

ፊልትሮ ከሞተር ዕቃዎች ሁሉ ዝምተኛው ነው። ሲደፈን አይጮህም። ሞተሩ ዘይት አጥቶ እንዳይቃጠል ሲባል አንዲት መተላለፊያ ተሠርታለታለች። ፊልትሮው ሲዘጋ እሷ ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። መብራት አይበራም፤ ድምፅ አይለወጥም፤ ሾፌሩ ምንም አያውቅም። ቆሻሻው ግን ብረቱን ቀስ በቀስ ይፍቃል። ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያኔ መኪናዋ የሌላ ሰው ሆና ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ያችን ደብተር ነገ መኪናዋን የሚገዛኝ ሰው ያነባታል። በእሷ አምኖ ገንዘቡን ይከፍላል። የዕቃን ዐይብ ደብቆ መሸጥ እንደማይፈቀድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ። እኔ ግን ጋሼን የከሰስኩበትን ነገር ሳይቀር በገዛ እጄ ሠራሁት፦ ያልቀየርኩትን ቀየርኩ አልኩ። ጋሼ ያላደረጉትን እኔ አደረግሁት! ሥራውን ከሰው እጅ ነጥቄ በራሴ እጅ ሳደርገው አማናው የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ወደ እኔ ነው የዞረው። የጋራዡ ሰው ቢያንስ የሚጠይቀው ደንበኛ አለው። ብቻውን ከመኪና ሥር የተኛ ሰው ከአላህ (ሱ.ወ) በቀር የሚያየው የለም። በሦስተኛው ቀን ቃሉን ሰረዝኩትና “ፊልትሮው አልተቀየረም” ብዬ ከጎኑ ጻፍኩ። በወሩ መጨረሻ ፊልትሮውን ገዝቼ ቀየርኩት፤ ሥርዙን ግን እንዳለ ተውኩት።

ስለ አሮጌው ዘይትም አንድ ቃል ልጨምር፤ በራሱ የሚሠራ ሰው ይህም አማና ይወድቅበታልና። ያገለገለ ዘይት የብረት ብናኝና ለቆዳ ጎጂ የሆኑ ነገሮችን ይይዛል። ቱቦ ውስጥ ቢደፉት ከዓይን ይጠፋል እንጂ አይጠፋም። የከተማችን ወንዞች ቁልቁል ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። በአቃቂ ውኃ ደግሞ አትክልት ይለማል፤ ያው አትክልት ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። እኔ በጄሪካን አጠራቅሜ ለጋሼ እወስድላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከጋራዡ ዘይት ጋር ለሚሰበስቡ ሰዎች ይሰጡታል። ሳፋውን ስደፋ ማንም አያየኝም ማለት ማንንም አይነካም ማለት አይደለም።

“ታዲያ ራስህ ስትሠራ የባለሙያውን እንጀራ አልነፈግህም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን ሥራ የምወስደው ለጋሼ ነው፤ ሥራው ምን ያህል ጉልበትና ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ስላወቅሁም እንደ በፊቱ በዋጋ አልከራከራቸውም። የሥራን ድካም ያወቀ ሰው የሠራተኛን ዋጋ አይቀማም። በእጄ መሥራቴ ከጋሼ አላራቀኝም፤ ይልቁንም አቀራረበኝ።

ወገኖቼ! መኪና የሌላችሁ ብትሆኑም ነገሩ ይመለከታችኋል። ሁላችንም ሥራውን የማናውቀው ሐኪም፣ ልብስ ሰፊ፣ ግንበኛ፣ መምህር አለን። በአንዳቸው ላይ ክፉ ቃል ከመናገራችን በፊት፣ “ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?” ብለን እንጠይቅ። መልሱን ከራሱ ከባለሙያው እንስማ፤ ካልበቃን ሌላ አዋቂ እንጠይቅ። ማጣራት ካስፈለገም ከሥራው በፊት፣ በግልጽና በአክብሮት ይሁን። ማጣራት ካልቻልን ደግሞ ዝም ማለት አያቅተንም። ከሁሉ በፊት ግን ማንም በማያየን ቦታ ላይ የራሳችንን ደብተር እንመርምር፤ ያልቀየርነውን ቀየርን ብለን የጻፍንበት ገጽ አይጠፋም።

አላህ ሳናውቅ ከመፍረድ፣ አውቀንም ከመደበቅ ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።